ማንጎ ያነቃት ላም

ሼህ ባቢከር ቢላዋቸውን ስለው ጨርሰው ከወደቀችው ላም አንገት አጠገብ ቆመዋል። የእንስሳት ሐኪሟ እስከዳር ግን አሁንም «ትንሽ ይታገሡኝ» ትላለች።

በሰኔ በመንጌ ከተማ የበሰለ ማንጎ እየረገፈ መሬት ለመሬት ነው። ባሏ የሞተባት ዐዋጢፍ ላሟን ከማንጎው ጥላ ሥር አስራ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ፣ ላሟ አንዱን ሳታላምጥ ውጣ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረባት። የሆዷ አየር መውጫ አጥቶ የግራ ጎኗ ከበሮ አክሏል፤ ምላሷ ጠቁሯል። የዐዋጢፍ ሦስት ልጆች የሚያድጉት በዚህች ላም ወተት ነው።

እስከዳር ወፍራም መርፌ ጎኗ ላይ ሰክታ ጥቂት አየር አስወጣች፤ መርፌው ግን በደቀቀ ሣር እየተደፈነ አስቸገራት። የቀረው መንገድ ማንጎውን በእጅ ገብቶ ማውጣት ነው። ጉሮሮው ደግሞ ያለ መድኃኒት አይላላም። መድኃኒቱ ከተወጋ ሥጋው አይበላም፤ ሳትታረድ ከሞተችም በክት ነው።

«ነፍስ ሳይወጣ ልረደው» አሉ ሼህ ባቢከር፣ እንደ መንጌ ሰው ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው። «ሥጋው እንኳ ለልጆች ይትረፍ።»

እውነታቸውን ነው። ባለፈው ወር እስከዳር እንዲሁ ታገሡኝ ስትል የአንድ ገበሬ በሬ ቢላዋ ሳይደርስለት ሞተ። ሥጋው ለጅብ ተጣለ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አይላትም። ይህን መንጌ ላይ ያልሰማ የለም። እስከዳር ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልካደችም።

ወደ ዐዋጢፍ ዞረች።

«እህቴ፣ ከወጋኋት በኋላ ቢላዋ የለም። ትድናለች ብዬም አልምልልሽም። አንቺ ወስኚ።»

ዐዋጢፍ የላሟን የተነፋ ጎን ዳሰሰች።

«ሥጋ ስንት ቀን ይበላል?» አለች። «እኔ ወተት ነው የምፈልገው። ውጋ።»

ሼህ ባቢከር አጉረመረሙ፤ ቢላዋውን አስቀምጠው ግን ቀንዷን ያዙላት።

እስከዳር መድኃኒቱን ወጋቻት። ጥቂት ጠብቃ፣ የላሟን አፍ በእንጨት ከፍታ እጇን ሰደደች። የላሟ ጥርስ ክንዷን ፋቀው። ጣቶቿ ምንም አላገኙም። የላሟ ትንፋሽ እየራቀ ሄደ፤ ጎኗ ላይ ያለው መርፌም ፉጨቱን አቆመ። ያው እንደ በሬው ነው፣ አለች በልቧ፤ ክንዷን ወደ ውጭ መሳብ ጀመረች።

ዐዋጢፍ አጠገቧ ተንበርክካ ትከሻዋን ያዘች።

«ዶክተር፣ ላም ቢሞትም ነገ እኔ ቤት ና» አለቻት። «እኔ ሰላም እልሃለሁ።»

እስከዳር እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም። ክንዷን ከክርኗ አሳልፋ አስገባች። አንድ ክብ፣ የሚያንሸራትት ነገር ጣቶቿን ነካ። ያዘችው፤ አመለጣት፤ ደግማ ያዘችው። ጎትታ ስታወጣው ማንጎው መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ላሟም የታፈነውን አየር በረጅሙ አገሳች።