አዲስ ድሪቶ

የሚያዝያ ጥዋት ነበር፤ ዓመቱ 1957። ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ከማታ የተረፈ ቅቅል ቦዬ በዳታ በርበሬ በላሁ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ጭቃ። ከመውጣቴ በፊት ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያለውን ጋቢ አነሣሁ፣ አጣጠፍኩ፣ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩ። ጋቢው የባሌ የደገፉ ነው። ደገፉ የታሪክ መምህር ነበር። የተማሪዎቹን ፈተና እሱን ተከናንቦ ሲያርም አንደኛው ጥግ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቀይ ቀለም ፈስሶበታል። እኔ በጊዜው ተቆጥቼ ነበር። ደገፉ ከሞተ አሥራ አራት ወሩ ነው። ሌላውን ልብሱን ሁሉ ቤሌ ለሚኖረው ወንድሙ ልኬያለሁ። ይህን አልላክሁም፣ አላጠብኩትምም።

ከዚያ ወደ በድሩ ሱቅ ሄድኩ።

በድሩ ከመርካቶ አዳዲስ የቺት ጣቃዎች አስመጥቶ ነበር። መደርደሪያው ሙሉ አበባ፣ ክብ፣ ደማቅ መስመር። ለየጨርቁ ስም የሚያወጣለት ራሱ ነው፤ ስም የሌለው ጨርቅ አይሸጥም ባይ ነው።

«እትዬ የትምወርቅ፣ ይቺን ይዩልኝ። ‹አይሮፕላን› ትባላለች። ይቺ ደግሞ ‹የደመወዝ ማግስት›። አንዷ ብቻ ጥቁር መደብ አላት፣ እሷን ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ከሁሉም ግማሽ ግማሽ ሜትር» አልኩት።

«ከአሥራ አንዱም? ለምን ቢሆን ነው?»

«ቆራርጬ መልሼ ልሰፋው ነው።»

በድሩ መቀሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ጀዋሂር ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። የከሰዓት በኋላ የስፌት ክፍሌ ተማሪ ናት፤ ፊት ለፊቴ ለመናገር የማትፈራ እሷ ብቻ ናት።

«አዲስ ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መስፋት፣ ይኼ እኮ ድሪቶ ነው» አለች።

«ዘመናዊ ብርድ ልብስ ነው፤ ውጭ አገር ትልልቅ ሴቶች ይሰፉታል።»

«ድሪቶ የሚለብስ ሰው ቸግሮት ነው እትዬ። የከፈለበት አላየሁም።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ ቲቸር የትምወርቅ ሐዘኑ አናቷ ላይ እንደ ወጣ ከተማው ሰማ። አልፈረድኩባቸውም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውዬ፣ ባልትና አጥንቼ፣ ዲፕሎማዬን መስታወት አስገጥሜ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ለሶዶ ሴቶች ያመጣሁላቸው ዕውቀት ደኅና ጨርቅ እንዴት እንደሚበላሽ ነው።

በቂ ምክንያት ግን ነበረኝ። በግንቦት መጀመሪያ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ባለቤት ከአዲስ አበባ መጥታ የሴቶችን የእጅ ሥራ ትጎበኛለች ተብሏል፤ የሚሰጣት ስጦታ ደግሞ ከእኛ ክፍል ይጠበቃል። ሌሎች ቅርጫት ቢያቀርቡ እኔ ዘመን ላቀርብ አሰብኩ። በዚያ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን መቁረጥ ሰዓት ይወስዳል። ሰዓት የሚወስድ ነገር እፈልግ ነበር።

ጨርቁ የሚወጠርበት የእንጨት ማዕቀፍ በክፍሉ በር አልገባ ስላለ ሥራውን ወደ ቤቴ አዛወርነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስቱን የስፌት ተማሪዎቼን አስቀምጬ ሌክቸር ሰጠሁ። ሌክቸር ስሰጥ እጄን ወደ ኋላ አጣምራለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ብርድ ልብስ ሦስት ነገር ነው» አልኩ። «ፊት፣ ጀርባና መሃል። ፊቱ ላይ ተጠበቡ። መሃሉ አይታይም። ጥጥ ከሌለ ያረጀ ማንኛውም ነገር ታጥቦ ይገባል፤ መሃሉን የሚጠይቅ የለም።»

አባይነሽ ይህን በደብተሯ ጻፈችው። አባይነሽ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ቶማ ወንጌላዊ ነው። መጻፍ የተማረችው ባለፈው ዓመት ሲሆን የምናገረውን ሁሉ ትጽፋለች። አማርኛዋ ውስጥ «አንቺ» እና «እርስዎ» ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሁለቱንም በአክብሮት ነው የምትላቸው።

የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች። ወንበሩን እያየች፣

«ቲቸር፣ ይቺ ጋቢ የጋሼ ደገፉ አይደለች?» አለች።

«ነው።»

«ለወንድሙ ሲላክ ተረሳች እንዴ? ቶማ ቅዳሜ ቤሌ ይሄዳል። ስጪኝና ይዞ ይሂድ።»

ደግነቷ ነው። አንድ ቃል ብናገር፣ «ተዪው፣ ለእኔ ነው» ብል፣ ትረዳኝ ነበር፤ ምናልባትም አብራኝ ታለቅስ ነበር። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። በቀብሩ ቀን እንኳ ሰው ፊት ያላለቀስኩ የተማርኩ ሴት ነኝ።

«አይሆንም» አልኳት፣ «ለመተኮሻ ነው የምጠቀምበት።»

«ለመተኮሻ?»

«ከካውያው በታች ይነጠፋል። ወፍራም ነገር ያስፈልጋል።»

አባይነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህንንም ሳትጽፈው አትቀርም። እኔ ደግሞ ውሸቴ ሙሉ እንዲሆን ጋቢውን ከወንበሩ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ፊት ሸሚዝ ተኮስኩበት። እነሱ ሲወጡ አነሣዋለሁ፣ ሳይመጡ አነጥፈዋለሁ። ከሰል እንዳይፈናጠርበት ስጠነቀቅ የገዛ ጣቴን ሁለት ጊዜ አቃጠልኩ። በሶዶ ከተማ የካውያ ምንጣፍን ከካውያው የሚጠብቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፊቱ በሁለት ሳምንት አለቀ። እውነቱን ለመናገር አማረ። ጀዋሂር እንኳ «ድሪቶው አምሮበታል» አለች። የቀረን መሃሉ ነው፤ ጥጡ ከቤሌ በአውቶቡስ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነበር። በዚህ መሃል ጉኑኖ ሄጄ ፈተና እንድቆጣጠር ታዘዝኩ። የቤቱን ቁልፍ ለአባይነሽ ሰጠሁ።

«ጥጡ ሲመጣ አትጠብቁኝ» አልኳት። «የተማራችሁትን አድርጉ።»

አራት ቀን ቆይቼ የእንግዳዋ ዕለት ጥዋት ተመለስኩ። ብርድ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ዳር ዳሩ ተቀምቅሞ፣ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ነው። ጠረጴዛው ባዶ ነው።

አባይነሽ ከበር ጀምራ ታወራለች። «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ፣ የቤሌ አውቶቡስ ጭቃ ያዘው፣ ጥጥ የለም። ጀዋሂር አለቀሰች። እኔ ደብተር ከፈትኩ። ‹ያረጀ ማንኛውም ነገር ታጥቦ ይገባል።› ይቺ የመተኮሻ ጋቢ ልክ ሆነች። ሦስት ጊዜ አጠብናት። ሎዖ ነው፣ ሎዖ» አለች፤ መልካም ነው ማለቷ ነው።

«ሦስት ጊዜ» አልኩ።

«ቀለም ነበረባት። እሱ እንኳ አልለቀቀም። ግን አይታይም፣ ውስጥ ነው።»

ሌሎቹን ጥራ እንድትመጣ ላክኋትና በሩን ዘጋሁ። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣሁ። እንግዳዋ ስጦታው የሚሰጥበት አዳራሽ የምትደርሰው በአምስት ሰዓት ነው፤ ገና ሁለት ተኩል። ጎኑን ፈትቼ ጋቢውን ላውጣ፣ በምትኩ የራሴን ነጠላ ልክተት፣ በስፌት መኪና ልዝጋው፤ ይደርሳል ብዬ አሰላሁ። ጥጉን በጣቴ እየዳሰስኩ አራት ወይም አምስት ስፌት ፈታሁ። ከ‹አይሮፕላን› ሥር ነጭ ታየ፤ ትንሽ ስከፍተው ደግሞ የደበዘዘ ቀይ። ገርጥቶ ሮዝ ሆኗል። ጣቴን አደረግሁበት።

አባይነሽ ሳታንኳኳ ገባች። ምላጩን አየች፤ የተፈታውን አየች። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ተበላሸ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያ ጎን የእኔ ነው። ሦስቱን ጎን እነሱ፣ ያንን ብቻዬን ነው የሰፋሁት። ቶማ መብራት ያዘልኝ። ጠማማ ነው እንዴ ቲቸር?»

ስፌቷ መስመር ይመስላል። እንደዚያ ያለ ስፌት እኔ ሰፍቼ አላውቅም። አሁንም መናገር እችል ነበር። ብናገር ደግሞ እሷ ዕድሜዋን በሙሉ ያጠበችውን ጋቢ ታስባለች። ከዚያም ሁለታችንም እንቀመጣለን፣ ከአዳራሹ ሰው ይልኩብናል፣ ምን እንደሆንን ይጠይቁናል።

«ቀጥ ያለ ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መርፌና ክር አቀብዪኝ።»

የፈታሁትን መልሼ ሰፋሁት። ከጎኑ ሁሉ ጠማማው የእኔ ነው፤ ያን ቀን ያየ ሁሉ የተማሪ እጅ መስሎታል።

እንግዳዋ ብርድ ልብሱን በእጇ መዘነችው። «ከባድ ነው፣ ይሞቃል» አለች። «መሃሉ ምንድን ነው?»

በሌክቸሬ የለም ያልኩት ጠያቂ መጣ።

«ጥጥ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እንግዳዋ ስፌቱን አመሰገነች፣ አባይነሽ ሁለት ጊዜ እጅ ነሣች፣ ሾፌሩ ብርድ ልብሱን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። መኪናው ወደ አዲስ አበባው መንገድ ሲታጠፍ እኔም እንደ ሌሎቹ እጄን አውለበለብኩ። ትንሽ ቆይቼ ነው ያወረድኩት፤ ጀዋሂር «ሄዱ እኮ እትዬ» አለችኝ።

በሳምንቱ የቤሌው ጥጥ ደረሰ። ሴቶቹ ፈተሉት፣ ለሸማኔ ሰጡት፣ በሰኔ ስድስቱም ተሰልፈው መጡ። ተከፋፍለው የያዙት አዲስ ጋቢ ነበር።

«ለመተኮሻ» አለች አባይነሽ። «ያቺን ስለወሰድንብሽ።»

አመሰገንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩስበታለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ለካውያ ይመቻል። በድሩ አዲስ ቺት ሲያመጣ አሁን ሴቶቹ ከእኔ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ጀዋሂርም ግማሽ ግማሽ ሜትር ትቆርጥላቸዋለች። ወንበሩ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። መደገፊያው ላይ የደገፉ ጋቢ የለም።