ነይ፣ ነይ፣ በቃ

ፈንታነሽን ያወቅኋት መንጃ ፈቃድ ልናወጣ አብረን ስንሠለጥን ነው። የዋህ ናት። የዋህነቷ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ባሏ ጥላዬ ሲሞት አንድ ሚኒባስ ትቶላታል። ከደብረ ታቦር ሐሙሲት እየተመላለሰ ልጆቹን ያሳደገባት መኪና ናት። ዋርሳዋ ይሻው፣ የጥላዬ ታናሽ፣ የወንድሜን መኪና እኔ ልያዛት ብሎ ተነሣ። ሽማግሌ ተቀምጦ ፈረደ፦ እስከ ጥላዬ ሙት ዓመት መንጃ ፈቃድ ካወጣች ራሷ ትንዳት፤ ካላወጣች ይሻው ይውሰዳት። ይሻው ግንባሩን እንኳ አልቋጠረም። እንዲያውም እኔው አለማምዳታለሁ ብሎ ምርቃት ተቀበለ።

ወደ ፊት መንዳቱ አላስቸገራትም። ጭንቁ የኋላ ማርሽ ነው፤ በችካሎች መካከል ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም። ማሠልጠኛው ያለው አንድ መኪና፣ እኛ ደግሞ ብዙ ነን፤ ተራ ሲደርሰን እንሻማለን። ፈንታነሽ ግን ተራዋን ለሌላ ትለቅ ነበር። ይሻው ያስተምረኛል ትላለች።

አንድ ቀን ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ሲያለማምዳት ቆሜ አየሁ። እሱ ከሚኒባሷ ኋላ ቆሞ ነይ፣ ነይ፣ ወደ ግራ ስበሪ፣ ነይ፣ በቃ ይላል። እሷ ፊት ለፊቷን እያየች መሪውን ታዞራለች። መኪናዋ ችካሎቹን ሳትነካ ገብታ ቆመች። ፈንታነሽ ኋላዋን የሚያሳያትን ስፖኪዮ አንዴም አላየችውም። ለካ አትዪው ብሏት ኖሯል፤ ያደናግርሻል፣ የእኔን ድምፅ ብቻ ስሚ ብሏት።

ደሜ ፈላ። እሱ ሲሄድ ጠብቄ ነገርኋት፦ ፈተና ላይ ነይ፣ በቃ የሚልሽ የለም፤ ይህ ሰው እያስተማረሽ ሳይሆን እያደነቆረሽ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«የሙት ወንድም ነው፣ ሰዓዳ። ስሙን አታንሺብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋንም ነሳችኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። ይቺኛዋ ግን መጥረቢያውንም ታቀብላለች።

የፈተናው ቀን የጉና ተራራ ብርድ ጣት ይቆርጥ ነበር። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሌላ ፈተና ከዚያ በፊት የለም። እኔ አለፍኩ። የእሷ ተራ ሲደርስ ፈታኙ አጠገቧ ተቀምጦ ወደ ኋላ ግቢ አላት። የኋላ ማርሽ አስገብታ ጠበቀች። ፈታኙም ዝም፣ ሜዳውም ዝም። አንገቷን በመስኮት አውጥታ አጥሩ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ የቆመውን ሰው ፈለገች።

«ይሻው» አለችው።

ሰምቷታል፤ ሁላችንም ሰምተናል። ጋቢውን እስከ አፉ ሳብ አደረገ። ፈታኙ ቀጥዪ ሲላት ደንግጣ እግሯን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሣች። የማሠልጠኛው መኪና ሁለት ችካል ጨፍልቆ ቆመ። ፈታኙ ውረጂ አላት።

ልደግፋት ስሮጥ ይሻው ቀደመኝ። እንባዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገላት፤ እግዜር ያላለው ነው አይዞሽ አላት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ፈንታነሽ የሚኒባሷን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈታች፤ በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ጎንበስ ብላም ትከሻውን ሳመችው።

«ድካምህን ከንቱ አስቀረሁት፤ ይቅር በለኝ» አለችው።

ይሻውም ይቅር አላት።