ያልተነየተው ዑምራ

ሙሚና «ዑምራ እሄዳለሁ» ብላ ለማንም አልተናገረችም። ይህ ይታወቅላት፤ በኋላ ራሷን ስታጽናና አጥብቃ የምትይዘው ይህችኑ ነበር። ያደረገችው እናቷ ደሴ ሳሉ ረጅም መንገድ በወጡ ቁጥር ያደርጉት የነበረውን ነው፤ ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረች «አፉ በሉኝ» አለች። ለሰማንያ አምስት ቀን ከአገር የሚወጣ ሰው የበደለው ካለ ይቅርታ ጠይቆ መሄድ አለበት ብላ ነው። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ ግን ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ሻርፗን አስተካክላ ቤት ለቤት አፉታ ከለመነች የምትሄደው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ ኢስትሙር ሰፈር ያለው የወሎ ሰው ሁሉ ሙሚና መካ ልትሄድ ነው አለ። እሷም ዝም አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ይመልጣል ይባላል። የሷ ጉድ ደግሞ ከተዘጋ አፍ የመጣ ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከኮለምበስ ዳር ዎርዝንግተን የምትኖረው ልጇ ዙልፋ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ፈልጋ አግኝታላታለች። ለሳምንታት የሚቆይ የውጭ ቱሪስት ከመጣ አዲስ መኪና በሊዝ ይሰጣል፤ ኢንሹራንሱ ሙሉ፣ ማይሉ ያልተገደበ፣ ታርጋው ቀይ። ሙሚና ሊዮን ላይ ተረክባ፣ የጣልያንን ተራሮች ተሻግራ፣ በኦስትሪያ በኩል ዞራ እዚያው ሊዮን ልታስረክብ ነው። ብቻዋን። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሽተኞችን በቫን ወደ ክሊኒክ አመላልሳለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከኋላዋ ማንም ሳያቃስት የነዳችው ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሷ መንዳት አማራት። በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ ልትሄድ ስትል ኮሮና መጣ፤ ከተሳፋሪዎቿ ዘጠኙ አለቁ። ባዶውን ወንበር እያየች ምኞቱ ጭራሽ ባሰባት፤ ሰው እያለቀ ሽርሽር በማማሯም አፈረች።

ነገሩን ያከበደው የእትዬ ሉባባ ነገር ነው። ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ኩላሊታቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ለዳያሊስስ፣ ለኩላሊት እጥበት፣ የምታደርሳቸው ሙሚና ናት። ወሬውን የሰሙ ዕለት ከቫኑ ሊወርዱ ሲሉ እጇን ያዙ።

«ሙሚናዬ፣ እኔ እንግዲህ ከዚህ ማሽን ተለይቼ የትም አልደርስም። መጀመሪያ የራስሽን ዑምራ አድርጊ። ከዚያ አንዱን በእኔ ስም ነይቺልኝ።»

አቅም ላጣ ሰው ሌላው ነይቶ፣ ለእሱ ብሎ በልቡ አስቦ፣ ዑምራ እንደሚያደርግለት ሁለቱም ያውቃሉ። ከሙሚና የሚጠበቀው «አይ እትዬ፣ የምሄደው እዚያ አይደለም» ማለት ነው፤ አምስት ቃል። እሷ ግን «ኢንሻአላህ» አለች። የአላህን ስም ጠርታ አሮጊት ሸነገለች፤ ይህን እንኳ ለራሷም ማለባበስ አልሆነላትም።

ዙልፋን ስታዋያት፣ ልጅቷ ነገሩ ቀላል ሆኖ ታያት። «ማሚ፣ ጀስት ዱ ቦዝ» አለቻት፤ ሁለቱንም አድርጊ ማለቷ ነው። ከአውሮፓ በመልስ መንገድ አንድ ሳምንት ጨምሮ መካ መድረስ ምን ችግር አለው? ሙሚናም አስባዋለች። ግን ባሰበችው ቁጥር ካዕባን ለሽርሽሯ መሸፈኛ ያደረገች መስሎ ተሰማት። ኩባንያው ደግሞ ውሉን እስከ አርብ እንድትፈርም፣ ከፈረመች ወዲያ መሰረዝ እንደሌለ በኢሜይል ጻፈላት።

አርብ ጠዋት እትዬ ሉባባ ከኋላ ወንበር ሆነው የምሥራች ነገሯት። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ላሉት ወንድሞቻቸው ደውለው ነግረዋል። ወንድማማቾቹ እህታችን ዑምራ ሊደረግላት ነው ብለው በግ አርደው፣ ሰፈሩን ጠርተው ዱዓ አድርገዋል። ሙሚና መሪውን ጨብጣ ሰማች። ክሊኒኩ ደጃፍ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች፤ ወደ ኋላም ዞረች።

«እትዬ ሉባባ፣ መካ አይደለም የምሄደው። ፈረንሳይ ነው።»

እትዬ ሉባባ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ታሞብሽ?» አሉ።

«ማንም አልታመመም። መኪና ሊዝ አድርጌ ልዞር ነው። ብቻዬን።»

ሙሚና ነገሩ እስኪገባቸው አልጠበቀችም፣ አፏ ሮጠ፤ በመልሴ መካ እደርስልዎታለሁ፣ ትኬቱንም ዛሬውኑ አስተካክላለሁ አለች። እትዬ ሉባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለእኔ ብለሽ እንዳትሄጂ። ዑምራ በሐፍረት አይነየትም።»

ሙሚና አፉ በሉኝ አለች። «አፉ ብዬሻለሁ» አሉ ወዲያው፣ በዕድሜያቸው አፉታ ተጠይቀው ነፍገው አያውቁምና። ከዚያ እጇን ሳይጠብቁ፣ የቫኑን በር ተደግፈው በራሳቸው ወረዱ። ይህ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ሙሚና ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ፣ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ውሉን በስልኳ ፈረመች። ስትፈርም ደስ ይለኛል ብላ ሁለት ዓመት ጠብቃ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም።

ሰኞ መሥሪያ ቤቷ ደውሎ እትዬ ሉባባን ሌላ ሹፌር እንደሚወስዳቸው ነገራት። ራሳቸው ጠይቀው ነው። አዲሱ ሹፌር ዘውዱ የሚባል ትሑት ሰው ነው፤ ለሥራው ገና አንድ ወሩ። ሙሚና ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ እንዲያውም ማንም ባልነገራት ብላ ተመኘች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ረቡዕ፣ የመጨረሻ ተሳፋሪዋን ክሊኒክ አስገብታ ስትወጣ የዘውዱ ቫን ቆሟል። ዘውዱ እትዬ ሉባባን ሊያወርድ የግራ ክንዳቸውን አፈፍ አድርጎ ይዟል። ሙሚና ሮጠች።

«ግራውን ልቀቅ! የማሽኑ መርፌ የሚገባበት ክንድ ነው፣ አይጨበጥም። በቀኝ በኩል ክርናቸውን ብቻ ደግፍ። ደረጃው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቁም፤ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።»

ዘውዱ ደንግጦ ለቀቀ፤ እንዳለችውም አደረገ። እትዬ ሉባባ ክንዳቸውን አሸት አሸት አድርገው ቆሙ። ሙሚና ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱላት ብላ ጠበቀች። እሳቸው ወደ ዘውዱ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። አርብ አየር ማረፊያ የሚያደርሳት ሰው አላት?»

ዘውዱ ግራ ተጋብቶ ወደ ሙሚና ተመለከተ። የላትም ብትል፣ እትዬ ሉባባ ልጃቸውን ከሥራ አስቀርተው እንደሚልኩላት ታውቃለች።

«አላት በላቸው» አለች ሙሚና።

ዙልፋ አርብ ለሥራ ቺካጎ ናት። ሙሚና የምትሄደው ኡበር ታክሲ ጠርታ ነው።