መከለያ የሌለው ዘንግ

ሁለቱ ወንድማማቾች የተኳረፉት ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። ትልቁ ያገለገለ ትራክተር ይግዛ ባይ ነው፤ በትንሿ አዲስ ትራክተር ዋጋ ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ይገኛል። ትንሹ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶትም ሰፈሩ ሁሉ ማሙሽ የሚለው፣ አዲሷን ይላል። ትልቁ ውሎው እንጨት ሥራ ቤት ስለሆነ፣ የሚነዳው ማሙሽ ነው።

መሸጫው ግቢ ሲደርሱ ትልቁ አዲሷን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ይህቺስ ማሙሽን ትመስላለች፣ ጡጦ ስጧት አለ። ሻጩ ሳቀ። ማሙሽ አልሳቀም።

አብራቸው የመጣችው እናታቸው በቤታቸው የጓሮ በር ስፋት ልክ የተቆረጠ ገመድ ይዛ ነበር። ያገለገለው ላይ ዘርግታ ስትለካ ትራክተሩ በአንድ ስንዝር በለጠ። ትልቁ ልጇ በሩን እናሰፋዋለን ብሎ ገመዱን ከእጇ ነጠቀና ወረወረው። እሷን ግን ያስጨነቃት በሩ አልነበረም። ከትራክተሩ ኋላ የሣር ማጨጃ ታስሯል፤ ሞተሩን ከማጨጃው የሚያገናኘው ዘንግ ራቁቱን ነው። የአዲሷ ዘንግ ጥቁር መከለያ ለብሷል። የዚህኛውስ የት ሄደ ብላ ሻጩን ጠየቀችው። እየተንኳኳ ሲያስቸግር የቀድሞው ባለቤት ፈቶ እንደጣለው፣ ሰው ከተጠነቀቀ ምንም እንደማይል ነገራት።

«ልጄ እኮ እዚህ ጋ ነው ጎንበስ ቀና ሲል የሚውለው» አለች።

ሻጩ ሊያሳያቸው ሞተሩን አስነስቶ ዘንጉን ማሽከርከር ጀመረ፤ ወዲያው ስልኩ ጠራና ወደ ቢሮው ገባ። ዘንጉ ከፍጥነቱ የተነሳ የቆመ ይመስል ነበር።

ማሙሽ ይህን ነገር አልነዳም አለ።

«እስከ መቼ ነው የእማዬን ቀሚስ ይዘህ የምትዞረው?» አለው ወንድሙ።

ማሙሽ በቡጢ አፉን አለው። ትልቁ ደሙን ተፍቶ አፍንጫውን በቴስታ መታው። ጉሮሮውን አንቆ ከጎማው ጋር አላተመው፤ ከዚያም ወደ ትራክተሩ ኋላ እየገፋ ይዞት ሄደ። እናትየው ልትገላግል ስትገባ የአንዳቸው ክርን ደረቷን ብሎ ጣላት። መሬት ላይ ሆና አየች፤ የማሙሽ ጃኬት ከዘንጉ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ትልቁ ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ዘንጉንም፣ ማንንም አያይም።

ተነስታ ወደ መሪው ሮጠች። ቁልፉን አዞረችው፤ ነቀለችውም። ሞተሩ አልጠፋም። ይህ አሮጌ የናፍጣ ሞተር የሚጠፋው ከመሪው ሥር ያለው ሽቦ ሲሳብ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። ቁልፉን ወረወረችው። ከዚያ ጎማው ሥር የተጋደመውን ትልቅ የብረት መፍቻ በሁለት እጇ አነሳችና ማሙሽን ያነቀውን ክንድ ባላት አቅም ሁሉ መታችው።

አጥንቱ ሲሰበር በብረቱ በኩል እጇ ድረስ ተሰማት።

ትልቁ ለቀቀ። ማሙሽ ወደ ጎን ሲወድቅ ዘንጉ የጃኬቱን ጫፍ ያዘ። ጃኬቱ ከላዩ ላይ ተቦጭቆ ሄደ፤ እጅጌው የክንዱን ቆዳ ገፎ ወሰደ። ሻጩ ሮጦ ደርሶ ሽቦውን ሲስብ፣ ዘንጉ ላይ የቀረው ደም የነካው፣ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ትልቁ ክንዱን ታቅፎ ተንበረከከ።

«ሰበርሽኝ» አላት። «የገዛ ልጅሽን።»

«አዎ፣ ሰበርኩህ።» መፍቻውን ገና አልጣለችም። «አንተ ትድናለህ። እሱ ግን አይድንም ነበር።»

ትልቁ ያኔ ነው ጨርቁን ያየው። ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያም አስመለሰው።

ሻጩ ክሊኒክ ሊወስዳቸው ፒካፑን አስነሳ። ትልቁ በደህና እጁ ማሙሽን ደግፎ አስቀደመው። እሱ ሳይሳፈር ወደ ሻጩ ዞሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ትንሿን አዘጋጅልን» አለው።

እናትየው ከትልቁ ጎን ተቀመጠች። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የተሰበረው ክንድ እንዳይመታ ከሥሩ መዳፏን አድርጋ ያዘችለት። እሱም አልገፋትም።