ጭስን በጨዋነት መተርጎም

ነገሌ ቦረና የቀበሌ ጸሐፊ ሳለሁ ኦሮምኛ የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው። መከራከርና መማል እችል ነበር፤ ቀበሌው ይህን አይቶ አስተርጓሚ አደረገኝ።

በ1975 ዓ.ም. የጤና ረዳቱ ገብረአምላክ ስለ ከተማው ጭስ ሕዝብ ሰበሰበ። የሀሺ ወፍጮ በናፍጣ ይሠራል፤ የሞያሌ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ያቃጥላል። ከሁሉም የባሰባቸው የወፍጮው ጎረቤት አሮጊቷ ጉያቱ ነበሩ። “አዮ” እላቸዋለሁ፤ እናቴ እንደ ማለት። የወፍጮው ጭስ በመስኮታቸው እየገባ ደረታቸውን ያስፏጨዋል። በየቀኑ ደጅ ወጥተው ሀሺን ይሰድቡታል። የእኔም የስድብ አስተማሪ እሳቸው ናቸው።

ሀሺ ሊሸነፍ ምንም አልቀረውም። “የጭሱን ቱቦ ወደ ጓሮ አዞራለሁ፤ ብቻ እኒህ ሴትዮ ዝም ይበሉልኝ” ማለት ጀምሮ ነበር።

ስብሰባው ላይ ገብረአምላክ ከወረቀቱ አነበበ፦ “ጭስ ሳንባ ይጎዳል።”

ተራው የእኔ ሆነ። ጭስ በኦሮምኛ “ኣራ” ነው። ከፊት የአውራጃው ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቃሉ በአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቃል። በእነሱ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ “ኣራ፣ ኣራ” ማለት አቃተኝ። ጫፉን ትንሽ ጨዋ አደረግሁትና “ኣሪ” አልኩ።

ኣሪ ንዴት ነው። አላወቅሁም፤ ገበያ ውስጥ ንዴት ይታያል እንጂ በስሙ አይጠራም።

“ንዴት ሳንባ ያቃጥላል!” ብዬ አወጅኩ። “ከወፍጮ ቤት ይወጣል! ከመኪናም ይወጣል!”

ሽማግሌው ሁቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ዱጋ! እውነት ነው! ሹፌሮቹን አላያችሁም?”

ገብረአምላክ ሕዝብ እንዲህ ሲቀበለው አይቶ አያውቅም። “የሕዝቡ ንቃት ከፍተኛ ነው” ብሎ ሪፖርት ጻፈ።

ስብሰባው ላይ የነበሩት አዮ ጉያቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድቡን ተዉ። ጭሱ ሲገባ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ይቀመጣሉ። ሀሺም ቱቦውን ረሳው፤ የሚጮህበት የለማ። እኔ ደግሞ ስብሰባው ሰላም አወረደ እያልኩ እኮራ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ባለሱቋ ቀድሪያ አስቆመችኝ።

“ጋሽ ቢረሳው፣ ያ ስለ ንዴት ያስተማሩት አዮ ጉያቱን አልጠቀማቸውም እኮ። ትንፋሽ አጥሯቸው ተኝተዋል።”

“የምን ንዴት? ስለ ጭስ ነው እንጂ!”

“ጭስማ ኣራ ነው።” ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው።

ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ ግድግዳው ጠቁሯል።

“አካም፣ አዮ? እንዴት ነዎት?”

“ናጋ፣ ሰላም ነው። አልተናደድኩም እኮ፣ ቢረሳው። ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ። ደረቴ ግን እምቢ አለ። ሳላውቀው በልቤ ተናድጄ ይሆን?”

ነገርኳቸው። ቃሉን ያለ እፍረት፣ ጮክ ብዬ፣ ደጋግሜ አልኩት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ ደጅ ወጡና ወደ ወፍጮው ዞረው አፋቸውን ከፈቱ። የድሮው ስድብ ነው፤ ከከንፈራቸው አነበብኩት። ድምፅ ግን አልነበረውም፤ ያለችውንም ትንሽ ትንፋሽ ሞተሩ ዋጣት።

ሀሺ ከበሩ ላይ አያቸው። ሰላምታ መስሎት ዱቄት የለበሰ እጁን አነሳ።

“ናጋ፣ ናጋ፣ አዮ! ተሻለዎት?”