ትንሿ ስክሪንና የእማማ ጋቢ

ባሌ ሽባባው የተበላሸ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። እኔ ታምሜ ስነሳ እንኳ እንደዚያ በርቶ አያውቅም። እንጅባራ ውስጥ የሞተ ሬዲዮ፣ የሞተ ቻርጀር፣ የሞተ ስታብላይዘር ካለ ቀብሩ እኛ ቪዲዮ ቤት ጓዳ ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ ከተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ሁለት ጣት የማትሞላ ስክሪን ፈልቅቆ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ የምትጽፍ፣ አረንጓዴ የምታበራ ነገር ናት። የኮምፒውተራችን ሲፒዩ ግንባር ላይ ድሮ ፍሎፒ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ውስጥ ወትፎ በናስትሮ አጣበቃት፤ ሽቦዋን ከኋላ ከአሮጌው የፕሪንተር መሰኪያ ጋር አገናኘ። ከላይ የተያዘው ሥራ ስንት ፐርሰንት እንደ ደረሰ፣ ከታች የዲስኩን ሙቀት ትናገራለች።

«ይህን የሚያህል ሞኒተር እያለ ይቺ ምን ልትፈይድ ነው?» አልኩት።

«ደብሪቱ ሙች፣ አንድ ቀን ታመሰግኛታለሽ።»

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብየው ወደ ደንበኞቼ ሄድኩ።

ሐምሌ ላይ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሽባባው ጆሮውን ሲፒዩው ላይ ለጥፎ ቆየና ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ አንድ ጊዜ ቢነሳ ነው። ሥራ ላይ እያለ ከጠፋ ዳግመኛ አይነሳም» አለ። ሠርጉንም ክርስትናውንም ለየባለቤቱ አስረክበናል። ያላስረከብነው አንድ ነገር ነበር፤ ጥር ላይ የቀረጽነው የፈረሰኞች በዓል። የካሜራው ካርድ ላይ ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ ተቀርጾበታል። ስለዚህ ያ በዓል ያለው በዓለም ላይ እዚያ በሚንገጫገጨው ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው።

አዲስ ዲስክ ከባሕር ዳር ባስመጣንበት ቀን እማማ ማናለብሽ ከጥርባ መጡ። ከሚኒባስ ወርደው ዝናቡን በእግር ስለመጡ የጋቢያቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ባላቸው አያ ወገኔ ሰኔ ላይ ነው ያረፉት። የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ፎቶ ሲባል ግን እንደ ግብር ሰብሳቢ የሚሸሹ ሰው። ለቅሶው ላይ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ አለንጋቸው ኮርቻው ላይ ታስሮ ሲዞር፣ ሌላው ሟች ፎቶው በሚያዝበት ቦታ የእሳቸው የሚያዝ ነገር ጠፋ። በፈረሰኞች በዓል ላይ ከቀረጽናቸው ሌላ መልካቸው የተቀረጸበት ቦታ የለም።

«ተዝካሩ እሑድ ነው» አሉኝ እማማ። «ለተዝካሩስ ይቅር። ልጄ፣ ፊቱ እየጠፋኝ ነው። ድምፁ አለ፤ ሳሉ እንኳ አለ። ፊቱን ግን ጧት ነቅቼ ስፈልገው አጣዋለሁ።»

እኔ ለደንበኛ መልስ የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም። «አይዞዎት፣ እዚህ ውስጥ አሉ» ብዬ ሲፒዩውን አሳየኋቸው። ወንበር አመጣሁላቸውና ከሲፒዩው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

ሽባባው አማተበና የማሽኑን ማብሪያ ተጫነው። ተነሳ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመረ፤ እየተንቀራፈፈ፣ እየተንገጫገጨ። ግማሹን እንዳለፈ በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመርና መብራት ሄደ። ድሮስ የእኛ መብራት በረዶ ሰምቶ መቼ ቆሞ ያውቃል?

ሽባባው አስቀድሞ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር አዘጋጅቶ ስለነበር ማሽኑ አልጠፋም። ትልቁን ሞኒተር ግን ወዲያው ነቀለው። ያ ባለ ጀርባ አሮጌ ሞኒተር ብቻውን ባትሪውን ይጨርሰዋል። ቤቱ ጨለመና ያቺ ከቆሻሻ ላይ የተለቀመች ስክሪን ብቻ ቀረችልን። ከላይ ስልሳ ሁለት ፐርሰንት፣ ከታች አርባ አምስት ዲግሪ።

«የታችኛው ቁጥር ስልሳ ከገባ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል» አለኝ። ቀጥሎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝም በል፤ ገና አላመሰገንኳትም» አልኩት። ዓይኔን ግን ከእሷ ላይ አላነሣሁም።

ሰማንያን እንዳለፈ ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ባትሪው መድከሙ ነው። ሽባባው ለባጃጁ ሹፌር ለይሄነው ደወለና የባጃጁን ባትሪ እንዲያውሰን ለመነው። ይሄነውም አላሳፈረንም፤ መጣ። ነገር ግን የበራችንን ቦይ ጎርፍ ሞልቶት ባጃጁ መሻገር አቃተው። ባትሪውን ወንዶቹ ፈትተው ሲሸከሙ የሚሸፍነው ሰው ያስፈልግ ነበርና ላስቲክ አንስቼ ልወጣ ሆነ።

«እማማ፣ እዚሁ ይሁኑ። ምንም እንዳይነኩ፣ እሺ?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ እነካዋለሁ ልጄ» አሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይሄነው ሲቻኮል ብሎኑን ጎርፍ ውስጥ ጣለው። አንዱን ሽቦ ፈትተን ሌላው እምቢ አለ። በረዶው አናቴን እየቀጠቀጠኝ ሁለቱንም ረገምኳቸው፣ ፈረንጅ የሠራውን ብሎንም አልማርኩትም። በመጨረሻ ባትሪው ወጣ። ተሸካክመን ስንገባ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አረንጓዴዋ መብራት የለችም።

«ጠፋ» አለ ሽባባው፣ ባትሪውን እንደያዘ።

አልጠፋም ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ሲፒዩው ከላይ እስከ ታች በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል። በጋቢው ድር ውስጥ አንዲት ደብዛዛ አረንጓዴ ነገር ትታያለች። እማማ ማናለብሽ በስስ ቀሚስ ብቻ፣ እጃቸውን ጋቢው ላይ አድርገው፣ በአዊኛ ቀስ ብለው ያወሩታል።

ጋቢውን ገፈፍኩት። ዘጠና አንድ ፐርሰንት። አምሳ ስምንት ዲግሪ።

«እማማ ምን አደረጉ? ምንም እንዳይነኩ አላልኩም?» ጮህኩባቸው። በእናት ዕድሜ ያለች ሴት ላይ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም።

«በረደው» አሉ ግራ ተጋብተው። «ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰማሁት። ወገኔ ብርድ አይችልም ነበር፤ አንች ደግሞ እዚህ ውስጥ ነው አልሽኝ።»

ብያለሁ። ጧት «አይዞዎት፣ እዚህ ውስጥ አሉ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽባባው ባትሪውን አስቀምጦ የሲፒዩውን ጎን ከፈተ። ይሄነው ሁለተኛውን ባትሪ ከፊተኛው ጎን አገናኘ፤ የኢንቨርተሩ ጩኸት ቆመ። ሙቀቱ ግን አልቆመም። አምሳ ዘጠኝ ሆነ። ፊቴን ወደ ስክሪኗ አስጠግቼ «ይቺን ቁጥር እንዳትለውጫት» እያልኩ እለምናታለሁ፣ ያቺን ስሰድባት የከረምኩትን።

«እማማ፣ ለዚህ ማሽን መድኃኒቱ ብርድ ነው» አላቸው ሽባባው። «ሙቀት ነው የሚገድለው።»

እሳቸው ሁለት ጊዜ አላስነገሩም። ተነሥተው በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገው ከፈቱት። የእንጅባራ ሐምሌ ከነበረዶው ዘው ብሎ ገባ። ጋቢያቸውን በሁለት ጫፉ ይዘው፣ ገብስ እንደሚያነፍስ ሰው፣ የተከፈተውን ጎን ያራግቡት ጀመር። እኔ በካርቶን ከወዲህ፣ እሳቸው በጋቢ ከወዲያ። አምሳ ዘጠኝ። አምሳ ዘጠኝ። ክንዳቸው በብርድ እንደ ዶሮ ቆዳ ሆኗል። «ይልበሱ፣ እኔ እበቃለሁ» ብላቸው አልሰሙኝም። ቆይቶ ስክሪኗ አምሳ ስምንት አለች። ከዚያ አምሳ ስድስት።

ዘጠና ስድስት ፐርሰንት ላይ ደግሞ ቆመ። ዲስኩ ዝም አለ፤ መንገጫገጩም ቀረ። ሽባባው ጭንቅላቱን ያዘ። እማማ ግን አላቆሙም፤ ማሽኑ ዝም ቢልም ያራግባሉ። አንዴ ቀጭ አለ፣ ደገመ፣ ቁጥሯም ፈቀቅ አለች። መቶ ስትል ያየኋት እኔ ነኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

ሽባባው ለአፍታ ሞኒተሩን ሰካና ከአዲሱ ዲስክ ከፈተው። አያ ወገኔ ከሜዳው ጫፍ እየጋለቡ መጡ። ካሜራውን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ሊያዞሩ ነበር፤ ፈረሱ ግን ወደ እኛ ዞረና አሳልፎ ሰጣቸው። ቀጥታ አዩን። አፍረው ሳቁ።

«ይኼ ነው» አሉ እማማ። «ይኼው ጥርሱ። እዚህ ጋ የተሸረፈችው ጠፍታኝ ነበር።» ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም ከእሳቸው አልተሻልኩም።

ባትሪው የሰው ነውና ሽባባው ሁሉንም አጠፋ። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ቀጭ አለ። ትንሿ ስክሪንም ደበዘዘችና ጨለመች። እማማ ማናለብሽ እየተንቀጠቀጡ ጋቢያቸውን ከመሬት አነሡ። ሊለብሱት መስሎኝ ላግዛቸው ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ጋቢውን ይዘው ሲፒዩው አጠገብ ቆሙና ተቆጥቼ እንደሆነ ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ አሁንስ ባለብሰው ይጎዳዋል?»

«አይጎዳውም እማማ» አልኳቸው፤ ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩላቸው።