ለነፃ ሰው የተሰፋ ኮት

ጦርነቱ ሲያበቃ ልብስ ሰፊውን ከባሕር ማዶ ካምፕ ፈቱት። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ የጠላት አገር ሰው ነህ ተብሎ ከሱቁ ከነመቀሱ የታፈሰ ሰላማዊ ሰው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር። ከእያንዳንዱ እስረኛ ኮት ጀርባ ላይ የሳህን ያህል ክብ ቆርጦ ያወጣና በቦታው ቀይ ጨርቅ ይሰፋል፤ የሚያመልጥ ሰው ከሩቅ እንዲታይ።

አሁን ከሚስቱ ጋር ለተመላሾች በተሰጠች ጠባብ ክፍል ገብቷል። ክፍሏ የምትጸናላቸው ግን በወሩ ውስጥ የሥራ ወረቀት ካመጣ ብቻ ነው። አንዲት የስፌት ቤት ባለቤት ለሙከራ የሙሽራ ኮት እንዲሰፋ ሰጠችው።

"ቅዳሜ ይለብሰዋል። ካማረበት ወረቀትህን እፈርማለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት እያፏጨ ሰፋ። ሥራ እንዲህ ጥሞት አያውቅም። ኮቱን ገልብጦ ዘረጋው፤ እጁ በገዛ ፈቃዱ መቀስ አነሳ፤ ክብ ጨርቅ ከኮቱ ጀርባ ተቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለች።

ፉጨቱ ቆመ።

"ምን ጉድ አመጣህብኝ!" አለች የስፌት ቤቱ ባለቤት ራሷን ይዛ። "ይሄ ሙሽራ ነው ወይስ ዒላማ?"

"እትዬ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ" አለና ኮቱን አቅፎ ወደ ቤቱ በረረ።

ሚስቱ እጇን በቀዳዳው አሾልካ አፍንጫውን ያዘችው። "አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራው የሚያመልጥ መስሎህ ነው?"

ከተፈታ ወዲህ እንባው እስኪፈስ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ስቆ ሲያበቃ ዐይኑ ቀዳዳው ላይ ቀረ። የኮቱን ጀርባ ከአንገት እስከ ታች በቀዳዳው ስፋት ቆርጦ አወጣና ከሙሽራው ሱሪ በተረፈው ጨርቅ ሰፊ እጥፋት ተካበት።

ዓርብ ሙሽራው ሊለካ መጣ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትከሻው በር ያክላል። ለበሰና ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ሰደደ። እጥፋቱ ተከፍቶ ተመልሶ ተገጠመ።

"እሰይ! ኮት ለብሼ እጄን ሳነሳ ብብቴ ያልተተረተረው ዛሬ ገና ነው!"

"አዲስ ስልታችን ነው" አለች የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ዐይኗን በጨው አጥባ። ወረቀቱንም ፈረመች። በሳምንቱ ሦስት ዳቦ ጋጋሪዎች ያንኑ ኮት ሊያሰፉ መጡ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ጨርቅ በዘረጋ ቁጥር የስፌት ቤቱ ባለቤት ከማዶ "ለማን ነው?" ትለዋለች። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ "ለነፃ ሰው!" ሳይል መቀስ አላነሳም።